ኪቶን ሳያዩ ለኪቶ መንገደኞች ምክር ለጻፉት ክቡር ሰው

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና
ኅዳር ፳፪ ቀን ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ግርማቸው
የመረዳጃ ማኅበራችን የጉዞ ምክር ክፍል ኃላፊ
እና የወርኃዊ መጽሔታችን «ለመንገደኛ» ዓምድ አዘጋጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ራስ ምታቱ ለቀቀዎት ወይ፣ ትንፋሽዎስ ተመለሰ ወይ፣ ከአልጋ ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ ግድግዳ መደገፉን ተዉት ወይ ብዬ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ፣ የእርስዎን ምክር አምኜ እስከ ኢኳዶር ዋና ከተማ እስከ ኪቶ ድረስ ደርሼ የተመለስኩት መንገደኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና መሆኔን የማውቀውም እርስዎ ደኅና በመሆንዎ ነው፤ አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቀው፣ መካሪውም ተመካሪውም አንድ ሰው ነው፤ እኔው ነኝ። በአንድ አልጋ እንተኛለን፣ በአንድ ብሩሽ ጥርሳችንን እንፍቃለን፣ ዌስትቼስተር ኤርፖርቱ አጠገብ ካለው ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ኋላ በአንድ ከረባት እንቆማለን። ይሁን እንጂ ለራሴ በልቤ ብዙ ጊዜ ተናግሬ ሰሚ ስላጣሁ፣ ክቡርነትዎ በሚያዘጋጁት በዚሁ መጽሔት ላይ በአደባባይ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ክቡርነትዎ ባለፉት ሁለት ዓመታት ስለ ሰባት ዋና ከተሞች ጠቃሚ ምክር አውጥተዋል። ከሰባቱ አንዷንም በዓይንዎ አላዩም። ዕውቀትዎን የቃረሙት ሆቴላችን ከሚያድሩት የአውሮፕላን ሠራተኞች ጨዋታ፣ እንግዳ አልጋ ላይ ጥሎት ከሚሄደው የቱሪስት ወረቀት፣ እና ከሠፈራችን ላይብረሪ አንድ ጥግ ነው። ሆኖም ተሳስተዋል ብሎ የከሰሰዎት ሰው የለም፤ ከአባሎቻችን ወደነዚያ ከተሞች የሄደ አንድም ሰው አልነበረምና። የእኛ ሰው የሚሄደው ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ሲከፋም ወደ ኢሚግሬሽን ነው። እናም ስምዎ ገነነ። ሊቀ መንበራችን ጋሼ ሸዋንግዛው በጠቅላላ ስብሰባ ላይ «ይኼ ልጅ ያልረገጠው አገር የለም» ሲሉ፣ እርስዎ አንገትዎን ደፍተው ዝም አሉ። ሰውም ዝምታዎን ትሕትና አደረገው፤ እኔም አብሬዎት አንገቴን ደፍቼ ስለነበር አልፈርድብዎትም።

ስምንተኛዋ ከተማ ኪቶ ነበረች። እሷን የመረጡበትን ምክንያት ግን ለአንባቢ አልገለጹም፤ እኔ ልግለጥልዎ። አዲስ አበባ ነርስ የሆነች እጮኛ አለችኝ፤ ለዚህ ደብዳቤ ስሟን ለውጬ ምንትዋብ እላታለሁ። ጥያት ስመጣ «ሁለት ዓመት ናት፣ ምን አላት» ብያት ነበር፤ ሰባት ሆነ። ባለፈው ሐምሌ ደብዳቤዋ መጣ። ለስድስት ሳምንት የነርሶች ኮርስ ኪቶ ትላካለች፤ ኮርሱ ካለቀ በኋላ ወደ አዲስ አበባ እስክትሳፈር ድረስ አራት ቀን ይተርፋታል። ከአብዮቱ ወዲህ የመውጫ ፈቃድ እንዴት እንደሚገኝ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ከወጣች የወጣችው ይቺን አንድ ጊዜ ነው። እኔም ቆረጥኩ። ኪቶ ድረስ ሄጄ «አትመለሺ፤ እዚሁ እንጋባ፤ ወረቀትሽ እስኪያልቅ እዚህ ጠብቂና ሎስ አንጀለስ ነይ» ልላት ቆረጥኩ። ጠበቃ አነጋገርኩ። የሆቴላችን ወጥ ቤት ሠራተኛ ኪቶ ውስጥ ፔንሲዮን ያላት አክስት ስላለችው፣ ምንትዋብ የምትቆይበትንም ክፍል አስያዝኩ። የቀረኝ አፍ ከፍቶ መናገሩ ብቻ ነበር። ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የማቀርበው፣ በክቡርነትዎ ምክር እየተመራሁ ይህን መናገር እንዴት እንደተሳካልኝ ነው።

፩ኛ/ ስለ ዕቃ። በምክርዎ ቁጥር አንድ ላይ «መንገደኛ የወገኑን መልእክት አልቀበልም ማለት ነውር ነው፤ ባዶ ሻንጣ ይዞ መሄድ የፈረንጅ ጠባይ ነው» ሲሉ ጻፉ። እንዴት ያለ ወርቅ ምክር ነው! መጽሔቱ በወጣ በሳምንቱ፣ እኔ ምንትዋብን ኪቶ ላገኛት መሆኑ፣ እሷም ከዚያ አዲስ አበባ ልትገባ መሆኑ ከሆሊውድ እስከ ካልቨር ሲቲ ተሰማ። «አዲስ አበባ አትገባም፣ ላስቀራት ነው የምሄደው» ብዬ እንዳልናገር፣ ወሬው አገር ቤት ቢደርስ ዋስ ሆነው የፈረሙላትን አጎቷን ያስጠይቃል። እንግዲህ ማን መጣ? ሁሉም መጣ። ጋሼ ሸዋንግዛው ለአባታቸው መነጽር፣ ለወንድማቸው ቮልስዋገን ደግሞ አንድ ሙሉ ካርቡሬተር ይዘው መጡ። እኔ በሌለሁበት ለመጣውም አብሮኝ የሚኖረው የማነ በሩን እየከፈተ ተቀበለ። የደም ግፊት መድኃኒት፣ የጆሮ መስሚያ፣ ጫማ፣ ዊግ፣ ብቻ ምኑ ቅጡ። ሁሉም በጨርቅ ተሰፍቶ፣ ስም ተጽፎበት፣ በቃል የሚነገር መልእክት ተጨምሮበት ሠላሳ አንድ ጥቅል ሆነ። እርስዎም ደስ ብሎዎት ዝርዝር አወጡ፣ ቁጥር ሰጡ፣ በሁለት ሻንጣ አሳሰሩት። «እሷ ከቀረች ይህን ሁሉ ማን ያደርሰዋል?» ብሎ መጠየቅ ግን የጉዞ ምክር ክፍልን የሚመለከት ጉዳይ ስላልነበረ ሳይጠየቅ ቀረ።

የኪቶ ጉምሩክ ሠራተኞች በበኩላቸው እጅግ ጠያቂዎች ነበሩ። ጥቅሉን ሁሉ አንድ በአንድ ተረተሩት፤ ካርቡሬተሩ ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ ከሌላው ክፍል ሳይቀር እየተጠራሩ መጥተው አዩት። መኪናው የት አለ ሳይሉኝ አልቀሩም፤ አልገባኝም እንጂ።

፪ኛ/ ስለ ልብስ። «ኪቶ የምድር ወገብ የሚያልፍባት አገር ዋና ከተማ ስለሆነች ሙቀቷ የድሬዳዋ ነው፤ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ይበቃል» ብለዋል። ከዚሁ ሦስት መስመር ዝቅ ብለው ደግሞ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር እንደምትጠጋ ጽፈዋል። ጉለሌ ተወልዶ፣ በኅዳር ውርጭ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው፣ እነዚህን ሁለት መስመሮች በአንድ እስክሪብቶ እንዴት እንደጻፋቸው ሳስበው ይደንቀኛል። ከአውሮፕላን ማረፊያው በእጅጌ ጉርድ ስወጣ ንፋሱ የተቀበለኝን አቀባበል ለክቡርነትዎ በሰላምታ አቀርባለሁ።

፫ኛ/ ስለ ቀጠሮ ቦታ። «በማያውቁት ከተማ ቀጠሮ ሲይዙ ‹ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ› ይበሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የማይጠፋ ምልክት ነው» ብለው መክረዋል። እኔም በዚሁ መሠረት ለምንትዋብ «ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ አሮጌው ከተማ፣ ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ» ብዬ ጻፍኩላት። እሷም የአዲስ አበባ ልጅ ናትና «የትኛው?» ብላ አልጠየቀችም። ክቡር ሆይ፣ በኪቶ አሮጌ ከተማ ከአንዱ ማዕዘን እስከሚቀጥለው ማዕዘን አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እያንዳንዱም ከሌላው ይተልቃል። የመጀመሪያው ደጃፍ ጠበቅኩ፤ የለችም። ሁለተኛው ዘንድ ሄድኩ፤ የለችም። የጉምሩክ ሰዎች የተረተሯቸውን ሁለት ሻንጣዎች በገመድ አስሬ፣ በአንዱ ውስጥ የቮልስዋገን ግማሽ አካል ተሸክሜ፣ ድንጋይ የተነጠፈበትን ዳገት ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። እሷም ለካ ከታች ጀምራ በየደጃፉ እየዞረች ነበር።

፬ኛ/ ስለ ከፍታ። ለዚህኛው ምስጋናዬ ልዩ ነው። «የከተማይቱ ከፍታ የሚያስፈራው የባሕር ዳርቻ ሰውን ነው፤ እኛ የእንጦጦን አየር ጠጥተን ያደግን ልጆች ዳገት ምናችንም አይደል፤ እንደደረሱ ወዲያው በእግርዎ ይንሸራሸሩ» ብለው ጻፉ። የቱሪስቱ ወረቀት የመጀመሪያውን ቀን እንግዳ ሁሉ እንዲያርፍ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሣ በቀይ ቀለም ያሳስባል፤ እርስዎ ግን ይህ የፈረንጅ ቅምጥልነት ነው ብለው ሰረዙት። አራተኛው ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ስደርስ ጭንቅላቴ ለሁለት ሊሰነጠቅ መሰለኝ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ትንፋሽ አጣሁ። ሻንጣው ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከቅዳሴ የወጣች አንዲት አሮጊት አይታኝ አዝና ቁራሽ ዳቦ ጉልበቴ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ምንትዋብ ያገኘችኝ በዚህ ሁኔታ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ሰዓት በሐሳቤ ስንት ጊዜ አዘጋጅቼው ነበር! ሮጬ ላቅፋት፣ ሽቅብ ላነሣት ነበር። አሁን ቀና ብዬ ማየት እንኳ አቃተኝ። አጠገቤ ተንበርክካ እጄን ስትይዘኝ ናፍቆት መሰለኝ፤ ለካ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው፣ የልብ ምቴን እየቆጠረች ነው። ቆጥራ ስትጨርስ «ግርማቸው፣ ምን ሆንክ? ይኼ እኮ የእኛው አየር ነው» አለችኝ። ወዲያው ሁለቱንም ሻንጣ አንሥታ ከፊቴ ወረደች፤ ትንፋሿም አልተዛነፈ። ነርስ ናትና በኋላ አስረዳችኝ፤ ሰው ከዳገት ወርዶ ባሕር ዳር ጥቂት ሳምንት ከተቀመጠ ደሙ የቆላ ሰው ደም ይሆናል። እኔ ሰባት ዓመት ተቀምጫለሁ። እንግዲህ ክቡርነትዎ «የእንጦጦ ልጆች» ብለው የጻፉላቸው እነማን እንደሆኑ ቢያሳውቁን መልካም ነው።

፭ኛ/ ስለ ቋንቋ። «ከሠፈር ጋራዥ ጣልያንኛ የለቀመ ሰው ስፓኝኛ አያቅተውም» ብለዋል። ቅዳሜ ማታ ምንትዋብ ወደ ኮርሱ ማደሪያ ከተመለሰች በኋላ ራሴ ሲብስብኝ፣ ለፔንሲዮኗ ባለቤት ሕመሜን ለመንገር ከሠፈር ጋራዥ የማውቀውን ሁሉ ደረደርኩላት። ቴስታታ አልኳት፣ ፍሪሲዮን አልኳት፣ ካንዴላ አልኳት። ካንዴላ ለካ በእሷ ቋንቋ ሻማ ኖሯል፤ ሴትዮዋ በትዕግሥት ሰምታኝ ስታበቃ ሻማና ክብሪት አምጥታ ራስጌዬ ላይ ለኮሰችልኝ። ልሞት ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ራስጌው ላይ ሻማ ሲበራ ምን እንደሚሰማው ለክቡርነትዎ መንገር አያሻም።

፮ኛ/ ስለ ጾም ምግብ የሰጡትን ሰፊ ምክር፣ እስከ ሰኞ ድረስ ከስኳር ውሃ በቀር አንዳች ነገር ስላልቀመስኩ፣ ለመፈተን ዕድል አላገኘሁም።

፯ኛ/ ስለ ርክክብ። ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እባክዎ ይቀመጡ።

ከአራቱ ቀን ሁለቱን እኔ ተኝቼ፣ እሷ ውሃ እያጠጣችኝ አለቀ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተነሥቼ መቀመጥ ቻልኩ። ምንትዋብ ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠች። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ታየኛለች። ልትሰማ እንደተዘጋጀች ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ግን ፈራሁ። እምቢ ብትለኝስ? ሰባት ዓመት ያስጠበቅኩትን ሰው በምን አፌ ሌላ ነገር ልለምን? መሸሻ ስፈልግ የክቡርነትዎ ምክር ቁጥር ሰባት ትዝ አለኝ፤ «የአደራ ዕቃ ሲያስረክቡ ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከሩ፣ የቃሉንም መልእክት ሳያጎድሉ ይንገሩ» ይላል። እኔም «ቆይ፣ መጀመሪያ ዕቃውን ላስረክብሽ» አልኳት።

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። «እሺ» አለች።

ጀመርኩ። «ቁጥር አንድ፣ የደም ግፊት መድኃኒት፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤ ጨው ይቀንሱ በያቸው።» እሺ። «ቁጥር ሁለት፣ የጋሼ ሸዋንግዛው ካርቡሬተር፤ መካኒኩ ሲገጥመው ወንድማቸው ራሱ ቆሞ ይይ ብለዋል።» እሺ። «ቁጥር ሦስት፣ መነጽር፤ አባትየው ካልተስማማቸው ልኩን ጽፈው ይላኩ።» እሺ። እንዲህ እያልን ሄድን። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሥራዬን አጣርቼ የሠራሁበት ጊዜ የለም። ድምፄ እንኳ የሹም ድምፅ ሆኖ ነበር።

ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ትልቅ ካርቶን ነበር። ጉምሩኮቹ ክሩን በጥሰውት ስለነበር ክዳኑ በራሱ ተከፈተና ነጭ ነገር ተዘረገፈ። ቬሎ ነው። ምንትዋብ ቀስ ብላ አወጣችው፤ ተነሥታ ደረቷ ላይ ለካችው፤ ወደ መስተዋቱ ዞር አለች፤ ፊቷ ቀላ። «ግርማቸው...» ብላ ስትጀምር እኔ ዓይኔን ከዝርዝሩ ሳላነሣ «ቁጥር አሥራ ዘጠኝ» አልኩ፣ «የእትዬ ተናኘወርቅ የእህት ልጅ ጥር ላይ ታገባለች፤ ወገቡ ስለሚሰፋ ያስጠብቡት ብለዋል።»

ቬሎውን አጣጠፈችው። አሳምራ፣ ጠርዝ ከጠርዝ አጋጥማ አጣጠፈችው። «እሺ» አለች። ያንን እሺ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር፤ አልሰማሁትም፣ ቁጥር ሃያ ላይ ነበርኩ። ሠላሳ አንደኛው ካለቀ በኋላ ጎንበስ ብላ ባዶውን ሻንጣ በእጇ ዳበሰች፤ ኪሶቹን ሁሉ አየች። እኔ የተረሳ ዕቃ እንዳይኖር ያሰበች መስሎኝ ጥንቃቄዋን አመሰገንኳት።

የሄድኩበትን የተናገርኩት ማክሰኞ ነው። ከከተማው በላይ ወዳለው ባሕር ዛፍ አብረን ስንወጣ፣ እሷ ከፊት፣ እኔ በየአሥር እርምጃው እየቆምኩ፣ በመጨረሻ አንድ አጥር ተደግፌ ተናገርኩት። ያ ሁሉ ዓመት የቆየ ንግግር ትንፋሽ ስላልነበረኝ በሦስት ተከፍሎ ወጣ። «አትመለሺ» አልኩና አረፍኩ። «እዚሁ እንጋባ» አልኩና አረፍኩ። «እባክሽ» ብዬ ጨረስኩ።

ቆማ አየችኝ። «ትናንት ሠላሳ አንድ ጊዜ እሺ አስባልከኝ» አለችኝ። «አንዱም ስለ አንተና ስለ እኔ አልነበረም። አሁን ሰውየው መነጽሩን እየጠበቀ፣ ሴትዮዋ መድኃኒቷን እየጠበቀች፣ ሙሽራዋ ቬሎዋን እየጠበቀች፣ እኔ ቀረሁ ልበል? መጀመሪያ ይኼንን ብትለኝ ምን አለበት ግርማቸው?» ዕቃውን በሌላ ሰው እንልካለን ብላት «በማን?» አለችኝ። በዚህ ዘመን ወደ አገር ቤት የሚገባ ሌላ ማን እንዳለ አስቤ አስቤ አጣሁ። «ደግሞ» አለች፣ «ሻንጣው ባዶ እስኪሆን ድረስ ጠበቅኩ። ሁሉም ላይ ስም አለ። የእኔ ስም ያለበት የትኛው ነው?»

ክቡርነትዎ እውነቱን ያውቁታል። ገዝቼላት ነበር። ግራጫ የሱፍ ኮት፣ ከዚሁ ከፌርፋክስ፣ ቁመቷን በሐሳቤ ለክቼ። በዋዜማው ግን እትዬ ተናኘወርቅ ካርቶናቸውን ይዘው መጥተው «አንተ ልጅ፣ ምን ቦታ ይይዛል ብለህ ነው?» ሲሉኝ፣ ኮቱን አውጥቼ ቬሎውን አስገባሁ። ኪቶ ይሞቃል ብለውኝ የለ! እሷም ሎስ አንጀለስ ስትመጣ ትለብሰዋለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይህንንም ለእሷ ነገርኳት፤ ያጽናናታል ብዬ። ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው አለቀ። «ለሌላ ሴት ቬሎ ቦታ ለመልቀቅ የእኔን ኮት አወጣህ» አለች። ከዚያም «ደግ ሰው ነህ። ለሁሉም» አለችና ቁልቁለቱን ጀመረች። መንገድ ላይ ደርሼባት እጇን ያዝኩ። አልነጠቀችኝም፤ መልሳም አልያዘችኝም።

ረቡዕ ጠዋት ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ሲመዘን ከተፈቀደላት በለጠ። ከሠላሳ አንዱ አንድም አልቀነሰችም፤ የራሷን ሻንጣ ከፍታ የራሷን ሹራብ፣ የራሷን ጫማ፣ የኮርሱን ደብተሮች አውጥታ እጄ ላይ ከመረችው። ከሻንጣዋ ሥር አንድ ትልቅ ፖስታ ወጣ። አፉ ክፍት ነበርና አየሁት፤ የነርስነት ዲፕሎማዋ ዋናው፣ የትምህርት ማስረጃዋ ዋናው፣ የክርስትና ካርዷ ሳይቀር። የምመለስ ነኝ የሚል ሰው ለስድስት ሳምንት ኮርስ የወረቀቱን ሁሉ ዋና ይዞ አይወጣም። እኔ ሆቴል ጠረጴዛ ኋላ ቆሜ ስንቱን መንገደኛ የማይ ሰው፣ ይህን እንዴት አላውቅም? ምንትዋብ ለመቅረት ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። እንድጠይቃት ብቻ ነበር የምትጠብቀው። ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ «አጎቴ እንኳ ስለ እኔ አታስቢ ብሎኝ ነበር» አለችኝና ጉንጬን ስማ ገባች። እኔም ሹራቧንና ጫማዋን ታቅፌ፣ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዜ፣ እንደ እብድ ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ሁሉ አገልግሎትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አደራ ሳያጎድሉ፣ ቁጥር ሳያሳስቱ፣ ዝርዝር ሳያበላሹ ሠላሳ አንድ ቤት አስደሰቱ። የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም የእርስዎ ስለሆነ እንደማይቀየሙ አምናለሁ። ከአሁን በኋላ ግን ዓምድዎን ለሌላ ሰው አስረክበው፣ ስለ ከተማ ከመጻፍ እንዲቆጠቡ በትሕትና አመለክታለሁ። የሚተካዎትም ሰው ምክር ካነሰው ይቺን ያትምልኝ፤ መንገደኛ ሆይ፣ ሻንጣውን ከመፍታትህ በፊት የሄድክበትን ተናገር።

የክቡርነትዎን ጤና፣ በተለይም የልብዎን ምት፣ እግዚአብሔር እንዲጠብቅልኝ እየለመንኩ፣ በመስተዋት በተገናኘን ቁጥር ዓይንዎን ለማየት የማፍር፣ የምክርዎ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ተጠቃሚ፣

ታዛዥ አገልጋይዎ
ግርማቸው
የዚያው ሆቴል፣ የዚያው ጠረጴዛ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ምንትዋብ በደኅና ገብታ ሁሉንም በየቤቱ ማድረሷን በሁለት መስመር ጽፋልኛለች። ካርቡሬተሩ ገጥሟል፤ መነጽሩ ልክ ነው፤ የቬሎው ወገብ እየጠበበ ነው። «ዕቃዬ ደረሰ ወይ?» ብላችሁ ስልክ የደወላችሁልኝን ላኪዎች ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ «እሷስ?» ብሎ የጠየቀኝ የማነ ብቻ ነው። አሁን ግን ተራው የእኔ ነውና፣ ከእናንተ መካከል ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው የሚያውቅ ቢኖር እንዲነግረኝ እለምናለሁ። አንድ ኮት አለኝ፤ ሁለት ኪሎ አይሞላም፤ ራሴ በጨርቅ ሰፍቼ ስሟን ጽፌበታለሁ። ከዕቃው ጋር የሚነገር ቃል የለውም፤ ያንን በሰው እንደማይልኩት ዘግይቼ ተምሬአለሁ።